የትኛው ቁልፍ?

የጋሼ አስረስን መሞት የሰማሁት እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአንዲት ሴትዮ የበረንዳ በር ማጠፊያ እየፈታሁ ሳለ ነው። በእኛ ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ በር ያንኳኳል፤ ባለቤቱም የሰዎቹን ፊት ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። አሽዶድ ላይ ግን ማልዶ የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ማልዶ ሁሉም አውቶቡስ ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ደወለችና በዕብራይስጥ፣ «አስረስ አረፈ፣ ሰማህ?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «የሐሙሱን የሮቫ ሔት ሥራ እንግዲህ አንተ ላይ ልጻፈው?» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋ ነው። «ጻፊው» አልኳት።

ማጠፊያውን ገልብጬ ገጠምኩት። ሴትዮዋ በሩን ብትስበው ወለሉን እየፋቀ እምቢ አላት። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩት። ጋሼ አስረስ ቢያዩኝ ኖሮ ለአንድ ወር መሳቂያ ያደርጉኝ ነበር።

ወደ እሳቸው የመጣሁት የወደብ ሸክም ወገቤን ካበላሸው በኋላ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። እሳቸው ያኔ ሃምሳውን አጋምሰዋል። ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ አዲስ መስኮት አይሠራም። የእኛ ሥራ ድርብ መስታወት ባላቸው የአሉሚኒየም መስኮቶችና በሮች ላይ የላላ እጀታ ማጥበቅ፣ የዘመመ ማጠፊያ ማቅናት፣ የነከሰ ቁልፍ መለወጥ ነው። እኔ መኪናዋን እነዳለሁ፣ ስልኩን እይዛለሁ፣ የሚሸከም ነገር ሲኖር ወገቤን እያማረርኩ እሸከማለሁ። እሳቸው ይሠራሉ። አማርኛ ብቻ የሚያውቁ አዛውንት ሲደውሉ ድርጅቱ ወደ እኛ ስልክ ያስተላልፋቸው ነበር፤ ውሎ አድሮ ቁጥራችንን ራሳቸው አወቁት።

አጭርና ቀጭን ሰው ነበሩ። እጃቸው ብቻ ከሌላ ትልቅ ሰው የተዋሱት ይመስል ሰፊ ነው። አንድን ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት እፍ ይሉበታል። አቧራ ኖረም አልኖረ እፍ ሳይሉ አይጀምሩም። «ተበላሸ» የሚባል ቃል ደግሞ አይወዱም። ደንበኛው «ተበላሸ» ሲላቸው ብሎኑን በጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና «አልተበላሸም፤ ደክሞታል» ይላሉ። አንድ ቀን ሰባት ቤት ዞረን፣ ሰባቱንም ደረጃ ወጥተን ወርደን ስናበቃ መኪናዋ ውስጥ፣ «እኛስ ጋሼ? ደክሞናል ወይስ ተበላሽተናል?» አልኳቸው። ወንበሩን ወደኋላ ገፉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አንተ ተበላሽተሃል። እኔ ደክሞኛል» አሉኝ።

አሽዶድ ላይ ይህ ሥራ አያልቅም። ባሕሩ አያስጨርሰውም። በበጋ ምሽት ሰው ልጆቹን ይዞ ዳርቻው ላይ ይንሸራሸራል፣ ነፋሱን ይወደዋል። ያ ነፋስ ጨው ተሸክሞ ይመጣና ብሎኑን ሁሉ ያዝገዋል። ጋሼ አስረስ በባሕሩ አጠገብ ባለፍን ቁጥር እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉታል፤ «እንጀራ አባቴ ነው» ይላሉ። ዋናው አባታቸው በጎንደር ገጠር ማረሻ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። አንዴ ሲያጫውቱኝ፣ «አባቴን ቀን ማረሻ ያሠሩትና ማታ ቡዳ ነው ብለው ልጆቻቸውን ይደብቁበታል። እዚህ ደግሞ እኔ ብረት ስለምነካ ነው በር የሚከፍቱልኝ» አሉ። ሲናገሩት ምሬት አልነበረባቸውም፤ ያማረርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ለማማረር ሰበብ አላጣም።

ከአዛውንቱ ጋር ሲሆኑ ትዕግሥታቸው ያስገርመኛል። አንድ ዓይነት መስኮት አለ፤ በአንድ እጀታ ሁለት ዓይነት አከፋፈት ያለው። እጀታውን ወደ ጎን ካዞሩት እንደ በር ይከፈታል፤ ወደ ላይ ካዞሩት ከራሱ በኩል ብቻ ወደ ቤት ውስጥ ያዘነብላል። ዕብራይስጡ «ድራይ ኪፕ» ይለዋል፤ ጋሼ አስረስ «ባለ ሁለት ሐሳብ» ይሉታል። እጀታው በመሃል ያወላወለበት ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ይከፍተውና መስኮቱ በአንድ ጥጉ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ይህ ደርሶባቸው፣ ፍራሽ በመስኮቱ ላይ አድርገው፣ ፍራሹን በጀርባቸው ደግፈው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ሳለ ደረስን።

«ልቀቁት አባባ፣ አይወድቅም» አሏቸው ጋሼ አስረስ።

«አይወድቅም ትለኛለህ? ቤቱን ሊጥለው ነው እንጂ! ልጄ፣ ሽንቴ ከያዘኝ ቆይቷል፤ ቶሎ በል።»

ጋሼ አስረስ መስኮቱን ያዙላቸውና ሽማግሌው ወደ ጉዳያቸው ሮጡ። ሲመለሱ ሦስት ጊዜ አስጠኗቸው፦ «እጀታው ወደ መሬት ካየ ዝግ ነው። ወደ ጎረቤት ካየ ክፍት ነው። ወደ ሰማይ ካየ ትንሽ አየር ነው። በሰማይና በጎረቤት መካከል አያቁሙት።» ሽማግሌው እየደጋገሙ፣ እንደ ጸሎት አሉት። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ፤ ገና አራት ቤት ይጠብቀናል።

ሥራ ሲያልቅ ደግሞ የማይቀር አንድ ነገር ነበራቸው። መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይቆማሉ። ከታች መኪና ያልፋል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ሰው ይጣራል። ምንም ካልሰሙ ፊታቸው ይበራና «ዝም አለ» ይላሉ። ያቺ «ዝም አለ» የእሳቸው ፊርማ ነበረች። ከሰሙ ግን ላስቲኩን ነቅለው እንደገና ይጀምራሉ።

እማማ ይታይሽን ያወቅናቸው በዚሁ ነው። ሮቫ ሔት፣ ምድር ቤት፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰባ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል። ልጃቸው ሺሞን ሌላ ከተማ ይሠራል። የመንገዱ ጫጫታ ጸሎት አላስደርስ ብሏቸው ነበር፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ አስረስ ሁለት ቀን ሙሉ ሠሩላቸው። ማጠፊያዎቹን አቀኑ፣ ላስቲኩን በሙሉ ለወጡ፣ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚቆልፍ አዲስ እጀታ ገጠሙ። በመጨረሻ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሴትዮዋም መጡና ከጎናቸው ጆሯቸውን ለጠፉ። ሁለቱም እንደዚያ ቆመው ቆዩ።

«ዝም አለ» አሉ ጋሼ አስረስ።

«ዝም አለ! እግዚአብሔር ያክብርህ አስረስ፣ አሁን ከአምላኬ ጋር እነጋገራለሁ» አሉ እማማ ይታይሽ፤ ስልክ ቁጥራችንንም በትልልቁ ጽፈን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍላቸው አደረጉን።

ከዚያ በኋላ ባለው አርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ሮቫ ዛይን የመጨረሻው ቤት ላይ ነበርን። ጋሼ አስረስ ተንበርክከው የበረንዳ በር ከሐዲዱ ጋር ያስማማሉ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ጮኸ።

«ልጄ፣ ይታይሽ ነኝ። ቁልፌ አልሠራ አለኝ።»

«ምን ሆነ እማማ?»

«እጫነዋለሁ፣ ዝም ይላል። ጠዋትም ተጫንኩት፣ ዝም አለ። የዕብራይስጡን ሰውዬ ብደውልለት አይሰማኝም። እናንተ አማርኛ ስለምትሰሙ ብዬ ነው።»

እኔ የታየኝ ባለፈው ሳምንት የገጠምነው፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚለው እጀታ ነው። ሌላ ቁልፍ በዓለም ላይ ያለም አልመሰለኝ። «ግድ የለም እማማ፣ ሰንበት እየገባ ነው፣ እሁድ በጠዋት እንመጣለን» አልኳቸው።

«እሁድ?»

«እሁድ በጠዋት። ሰንበት ሰላም።»

«እሺ ልጄ፣ ሰንበት ሰላም» ብለው ዘጉ።

ጋሼ አስረስ ቀና ብለው «ማን ናቸው?» አሉ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ የገጠምኩት? በሳምንቱ?» አሉና ካቻቪቴውን አስቀመጡት። «ዞር ብለን አይተነው ብንሄድስ?»

«ለአንድ እጀታ ብለው ሰንበት ሊሽሩ ነው ጋሼ? መስኮቱ እንደሆነ ዝግ ነው። የሚወድቅ ነገር የለም።»

እንዲህ አልኩ። ቃል በቃል። እሳቸውም ደክሟቸዋል፣ እኔም ደክሞኛል፣ ቤት ሚስቴ ትጠብቀኛለች። ጋሼ አስረስ ካቻቪቴውን መልሰው አነሱ።

እሁድ በጠዋት የመጀመሪያው ቤት የእሳቸው ነበር። አንኳኳን፣ መልስ የለም። ደወል ደወልን፣ የለም። ጋሼ አስረስ በግቢው በኩል ዞረው መስኮቱ ጋ ሄዱና እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ አስጠጉ። ከውጭ በኩል ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ምንም አይሰማም። ከዚያ መጋረጃው ሥር በምትታየው ስንጥቅ አጎንብሰው አዩና፣ «እግሯ!» ብለው ጮኹ። ጋሼ አስረስ አዛውንት ሴትን «እሷ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

የበረንዳውን በር እንዴት እንደከፈቱት አልናገርም፤ የሙያ ነገር ነው። እማማ ይታይሽ በመኝታ ቤቱና በወጥ ቤቱ መካከል ወለሉ ላይ ነበሩ። የወደቁት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ስልካቸው ከእጃቸው ርቆ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ግን በሕይወት ነበሩ። ውሃ በጨርቅ ስናርስላቸው መጀመሪያ ያሉት ይህ ነው፦

«ጮኼ ጮኼ ሰው ጠፋ። ልጆቹ እዚሁ መስኮቱ ሥር ኳስ ይጫወቱ ነበር። በመጋረጃው ሥር አየኋቸው'ኮ። እነሱ አይሰሙኝም።»

ከዚያ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። በክር የተንጠለጠለ ነጭ ነገር አወጡ፤ መሃሉ ላይ ቀይ ክብ አለበት። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት የሚሰጥ፣ አደጋ ሲደርስ ተጭነው እርዳታ የሚጠሩበት ቁልፍ ነው። አውራ ጣታቸውን አስቀምጠው ተጫኑት። ምንም።

«ይኸው» አሉ። «አይሠራም ብዬ ነግሬያችሁ ነበር።»

የበሩም ቁልፍ ነው፣ የልብሱም ቁልፍ ነው፣ ያም ቁልፍ ነው። በእኛ ቋንቋ ሁሉም ቁልፍ ነው። አንዲት ቃል መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ጋሼ አስረስ አንዴ ቁልፉን፣ አንዴ መስኮቱን አዩ። ያን ሁለት ቀን ደክመው ዝም ያሰኙትን መስኮት።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሺሞን ደረሰ። ሁለት ነርሶች፣ ሦስት አራት የእኛ ሰዎች፣ እኔና ጋሼ አስረስ አለን። የመሣሪያውን ቦርሳ ተሸክሜ ነው የቆምኩት። የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም።

«አርብ ደውላላችኋለች» አለ ሺሞን። ዓይኑ ቀልቷል። «ስልኳ ላይ አየሁት። ደውላላችኋለች! ማን ነው ያነሳው?»

አፌን ከፈትኩ። ከአፌ ቃል ሳይወጣ ጋሼ አስረስ፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን አለችህ?»

ሁሉም ሰሙት። እስከዚያች ቀን «አንቱ» ሲላቸው የነበረ ልጅ፣ በሰው ፊት «አንተ» አላቸው።

«ቁልፍ አልሠራ አለኝ አሉ» አሉ ጋሼ አስረስ። «የትኛው ቁልፍ ብዬ አልጠየቅኩም።»

«አልጠየቅህም! እናቴ ሰንበትን ሙሉ መሬት ላይ ነው የዋለችው፤ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ...» እያለ የወረደባቸውን ሁሉ አልጽፈውም። ግማሹ በዕብራይስጥ ነበር፤ በዕብራይስጥ «አንቱ» የሚባል ነገር ስለሌለ ያኛው ያን ያህል አልከበደኝም። ጋሼ አስረስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ሲጨርስ፣ «ልክ ነህ ልጄ» አሉት።

እኔ አልተናገርኩም። ቦርሳውን ተሸክሜ ቆሜያለሁ። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «ጋሼ...» አልኩ።

«ንዳ» አሉኝ።

ነዳሁ። ያን ቀን ብናገር ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነው? የዚያን ወጣት ቁጣ ፈርቼ ነው? አላውቅም። የማውቀው በማግስቱ መናገር ከባድ እንደሆነ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የባሰ እንደከበደ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ነገ እናገራለሁ እያለ ዓመት ሊያሳልፍ እንደሚችል ከራሴ ተማርኩ።

እሳቸው የከፈሉት ቀላል አልነበረም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፉ ለሽምግልና የሚጠሩት ጋሼ አስረስ ነበሩ። ያን ወሬ ሰው ከሰማ በኋላ ቀስ በቀስ መጥራቱን ተወ። ፊት ለፊት ያላቸው የለም፤ እኔ ግን በሰርግ አዳራሽ፣ በጸሎት ቤት በር ላይ እሰማለሁ፦ «የባልቴት ስልክ ሰምቶ የረሳ ሰው የማንን ጉዳይ ይሰማል?» አንድ ቅዳሜ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነሥተው ከኋላ፣ ከእኔ ጎን መጥተው ተቀመጡ። «እዚህ ነፋስ ይሻላል» አሉኝ። ነፋስ የሚባል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለወጡ። ስልኩን እኔ ባነሳም፣ ገና «ሃሎ» ስል ከጎኔ ሆነው «የትኛው ቁልፍ በለው» ይላሉ። ሰውዬው ስለ ቁልፍ አንሥቶ ባይሆን እንኳ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉ «የትኛው ቁልፍ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር አንገቴ ይግል ነበር።

ሁለተኛው፣ «ዝም አለ» ማለታቸውን ተዉ። ጆሯቸውን መስታወት ላይ አስጠግተው አያውቁም። አዛውንት ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት ሥራ ሲጨርሱ፣ «እኔ ልውረድ፤ ከውስጥ ሆነው ይጥሩኝ» ይላሉ። ይወርዳሉ። ግቢው መሃል ይቆማሉ። ከላይ አሮጌ ድምፅ «አስረስ!» ይላል። ካልሰሙ ተመልሰው ይወጡና አንዱን መስኮት በትንሹ ያዘነብሉታል፤ እንደገና ወርደው ያስጠራሉ። ድምፁ የሚወጣበትን መስኮት ሲያገኙ፣ «ይቺን ወደ ሰማይ አድርገው ይተዋት። ክረምትም ቢሆን። ሲቸገሩ ወደዚች ዞረው ይጩኹ» ይሏቸዋል። ልፋቱ እጥፍ ሆነ። አራተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር ሦስቴ ወጥተው ይወርዳሉ። «ጋሼ፣ ይህ ከእኛ ሥራ ውስጥ የለም» እላቸዋለሁ። «አሁን አለ» ይላሉ፤ ግድግዳውን ደገፍ ብለው እያለከለኩ።

በየግቢው ስንት አሮጊት ስማቸውን ጮኸች! እኔም ከጎናቸው ቆሜ «አስረስ!» ሲባል እሰማለሁ። አንዳንዴ ከተጠሩ በኋላ ዞር ብለው ያዩኛል። ሊናገሩ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። እሳቸው ደግሞ፣ አሁን ሲገባኝ፣ እኔን ይጠብቁ ነበር።

ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት አሽዶድ መድረስ በጀመረበት ክረምት ለአንድ አፍታ አላረፍንም። የሁሉም ቤት መጠለያ ክፍል፣ ያ «ማማድ» የሚሉት፣ የብረት መስኮቱ ለዓመታት ሳይዘጋ ኖሮ አሁን አልዘጋም አለ። ማጠፊያው ዝጓል፣ መቀርቀሪያው ነክሷል። ጋሼ አስረስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ደረጃ ላይ መቀመጥ የጀመሩት ያኔ ነው። «ይታዩ እንጂ» ስላቸው፣ «አልተበላሸም፤ ደክሞታል» አሉኝ። ልባቸው ለሦስት ወር ደክሞት ቆየና ቆመ።

ለለቅሶው በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን፣ እማማ ይታይሽን አገኘኋቸው። ከዳሌ ስብራቱ ከወራት በኋላ ድነው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር፤ በአራት እግር ምርኩዝ ይሄዳሉ። ሺሞን የውሃ ጠርሙስ ያድላል። ሴቶቹ የጋሼ አስረስን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ፤ ስሙን በሰማሁ ቁጥር ግቢ መሃል ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ ይታዩኛል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እማማ ይታይሽ አጠገብ በርከክ አልኩና፣

«እማማ፣ ያን አርብ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጋሼ አስረስ አይደሉም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«ያን ዕለት ነዋ! ከማን ጋር እንዳወራሁ ይጠፋኛል? ወደቅኩ እንጂ አላበድኩም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አስረስ ነው ዝም ያሰኘኝ። ሆስፒታል መጥቶ፣ 'ራሱ ይናገራል፣ እኔና እርስዎ እንጠብቀው' አለኝ። ቤቴ በመጣ ቁጥር 'ተናገረ ወይ?' እለዋለሁ። 'ገና ነው፤ ግን አፉ ላይ ደርሷል' ይለኛል። አምስት ዓመት አፉ ላይ ደርሷል።» ትንፋሽ ወሰዱ። ቁጣ የለባቸውም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ምነው ለሱ በነገርከው ኖሮ።»

ሺሞን ጠርሙሶቹን እንደያዘ ከኋላችን ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ይመታኛል ብዬ ነበር። ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠና፣

«አንተ ብያቸው ነበር'ኮ» አለ። «በሰው ፊት። አንድም ቀን አንቱ ብዬ ሳልመልስላቸው ሞቱ።»

ሁለታችንም አለቀስን። ሰው የወጉን ለቅሶ የምናለቅስ መሰለው።

በዚያው ሳምንት ለሽማግሌዎቹ በድንኳኑ መሃል ቆሜ ተናገርኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው አንዱ «ይሁን» አለ። ጋሼ አስረስን ወደ ወንበራቸው ለመመለስ የዘገየ ነገር ነበር።

ከአርባው ቀን በኋላ ስልኩ ጮኸ። አሁን መኪናዋ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

«ልጄ፣ ቁልፌ አልሠራ አለኝ» አሉ እማማ ይታይሽ።

«የትኛው ቁልፍ እማማ?»

«የመስኮቱ» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ፈገግታ ሰማሁ። «የመስኮቱ ነው፣ አትሩጥ።»

ሮጥኩ። እጀታው ላይ እፍ አልኩበት፤ አቧራ አልነበረውም። ብሎኑን ለወጥኩ፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጣሁ፣ መስኮቱን ወደ ሰማይ አደረግኩት። ከዚያ፣ «እኔ ልውጣ፣ ይጥሩኝ» አልኳቸውና በበረንዳው በኩል ግቢው መሃል ወጥቼ ቆምኩ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ከባድ መኪና ያልፋል። ምርኩዛቸው ወለሉ ላይ ሲንኳኳ፣ ወደ መስኮቱ ሲጠጉ ይሰማኛል። የማንን ስም እንደሚጠሩ አውቅ ነበር፤ ለዓመታት ሁሉም የሚጠሩት አንድ ስም ነው፤ እሱንም ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ታረቀ!» አሉ።

ለአፍታ የኔ ስም መሆኑ ጠፋኝ። እንደገና ጠሩኝ፦ «ታረቀ! አትሰማም እንዴ?»

«አቤት!» አልኩ።